የስንዴ ዱቄት የማይገባበት የዘይቱን ኬክ

ከሚሴ ላይ «ካርቦሃይድሬት ይቀንሱ» የተባለ ሰው ቤቱ ሲደርስ የሚጠብቀው የማሽላ እንጀራ ነው። ከዳዋ ጨፋ እስከ አርጡማ ፉርሲ ያለ ማሽላ ማዕድ አይታሰብም፤ ስለዚህ ምክሩ «አትብሉ» የተባለ ያህል ይከብዳል። 100 ግራም የማሽላ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው። ጤፍና ስንዴም ከዚህ አይርቁም፤ አንዱን በሌላው መተካት መጠኑን አይቀንሰውም። የቆላው ማሾ እንኳ፣ በፕሮቲንና በአሰር የበለጸገ ቢሆንም፣ ከግማሽ በላዩ ካርቦሃይድሬት ነው።

ዳቦ፣ ስኳርና ድንች ቀንሶ መክሳት የትናንት ወሬ አይደለም። የለንደኑ ዊሊያም ባንቲንግ የራሱን ልምድ በ1863 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የዛሬዎቹ የምግብ አሠራር መመሪያዎች ግን ውድ የአልሞንድ ዱቄት ያዛሉ። እኔ ኦቾሎኒ፣ ተልባና እንቁላል ይበቃሉ ባይ ነኝ፤ ጣፋጩን ደግሞ ፍሬው ይሰጣል።

የትኛው ፍሬ? 100 ግራም የበሰለ ሙዝ ወደ 23 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ ማንጎ 15፣ ዘይቱን 14፣ ፓፓያ 11። ቁጥሩን ብቻ ያየ ፓፓያን ይመርጣል። ነገር ግን ፓፓያ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ኬኩን ያላቁጠዋል። ድስት ላይ ቢያመጥጡትም የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ስኳሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ፍሬ የሚመዘነው ከመብሰሉ በፊት ነው። የእኔ ምርጫ ዘይቱን ነው። ከ14ቱ ግራም 5 ያህሉ አሰር ነው፤ ሽታውም እሳት አይበግረውም። ማር ወይም ተምር የሚጨምር ሰው ግን ድካሙን ከንቱ ያደርጋል፤ ተምር ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ካርቦሃይድሬት ነው። ጁስ ቤት የሚቀዳው ስፕሪስም ብዙ ፍሬ በአንድ ብርጭቆ የሚያስጠጣ ስለሆነ ይቅር።

200 ግራም ኦቾሎኒ በለስላሳ እሳት ቆልተው፣ ገለፈቱን አራግፈው ይውቀጡ፤ ዘይት ማውጣት ሳይጀምር ያቁሙ። ሻጋታ የነካውን ወይም የመረረውን ፍሬ አስቀድመው ይጣሉ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። 50 ግራም ተልባ አመስ አድርገው የዚያኑ ዕለት ይፍጩ፤ የተፈጨ ተልባ በቆላ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። 4 እንቁላል በደንብ ይምቱ። 200 ግራም የዘይቱን ሥጋ በወንፊት አጥልለው ፍሬውን ያስቀሩ። ሁለት ሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ ሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጥቂት ጨውና ኮረሪማ ጨምረው ሁሉንም ያዋህዱና 10 ደቂቃ ያሳርፉት። ይህን ዕረፍት አይዝለሉ። የስንዴን ሊጥ አየር እንዲይዝ የሚያደርገው ግሉተን ነው፤ እዚህ ግሉተን የለም፤ ሊጡን የሚይዙት እንቁላሉና የተልባው ልጋግ ናቸው፤ ልጋጉ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ቅቤ በተቀባ ወፍራም ድስት ገልብጠው፣ ከሥር የሰከነ ፍም፣ ክዳኑ ላይም ጥቂት ፍም አድርገው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግሩ። ስንጥር ሲሰኩበት ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ለ8 ቢቆረጥ አንዱ ቁራሽ ወደ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ በክብደት የሚስተካከለው የስንዴ ዳቦ ከሦስት እጥፍ በላይ ይይዛል። ካሎሪው ግን ወደ 250 ስለሚደርስ የሚበላው በእንጀራ ምትክ ነው፤ ከእንጀራ በኋላ የሚደረብ አይደለም።

ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚውጡ ሰዎች ካርቦሃይድሬት ከመቀነሳቸው በፊት መድኃኒታቸውን ከሐኪም ጋር ማስተካከል አለባቸው፤ አለዚያ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። በረመዳን ይህ አደጋ ይበረታል። የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. በታች ከሆነ ጾሙ እዚያው ይፈታል። በዚያች ሰዓት የሚወሰደው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ተምር ነው፤ ይህ ኬክ በቅባቱ ምክንያት ቶሎ አይደርስም።