ራውተሩ የሱዳንን ኔትወርክ ይዞ ይሆን?

ጥያቄ፦ የምኖረው መተማ ዮሐንስ ነው። ሲም የሚወስደው የቤቴ ራውተር ላይ የሞላሁት ካርድ ሳልጠቀምበት ያልቃል። ጎረቤት እየሰረቀኝ ይሆን?

መልስ፦ ጎረቤትዎን ከመጠርጠርዎ በፊት ድንበሩን ይጠርጥሩ። የሱዳኗ ጋላባት ከማዶ ስለሆነች ራውተሩ የሱዳንን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል፤ ሮሚንግ ክፍት ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ አይቀመስም። ከራውተሩ ጀርባ የተለጠፈውን አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው) ብራውዘር ላይ ጽፈው ይግቡና ዳታ ሮሚንግን ያጥፉ። የኔትወርክ መምረጫውንም ከ«አውቶ» ወደ «ማኑዋል» ይቀይሩና ከሚመጣው ዝርዝር የኢትዮጵያውን ይምረጡ። ዝርዝሩ በቁጥር ከመጣ በ636 የሚጀምረው የእኛ ነው፤ 634 የሱዳን።

ጎረቤት ንጹሕ ነው ማለቴ ግን አይደለም። የተገናኙ ስልኮችን የሚያሳየውን ገጽ ይክፈቱ፤ ቤትዎ ሦስት ስልክ ኖሮ ሰባት ካዩ ነገሩ ታወቀ። የዋይፋዩን ፓስወርድ ይቀይሩ፣ ደኅንነቱን ደብሊውፒኤ2 ያድርጉ፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ይዝጉ። ሰው ሁሉ የሚረሳው የሴቲንጉን መግቢያ ፓስወርድ ነው። «አድሚን» እንደሆነ ከተተወ ዋይፋይዎን ያገኘ ሁሉ ያስተካከሉትን መልሶ ያበላሸዋል።

ስለ ራውተሩ ካነሣን አይቀር፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮው ሥር አይስቀሉት፤ አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ላለ ሙቀት ነው።