ንፋሱ ሲወርድ ጎማውን የሚይዘው

ነቀምቴ፣ ከከተማው ወደ ጊምቢ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ወጣት ሹፌርና ዕድሜያቸውን በጎማ ሥራ ያሳለፉ ጎሚስታ ያደረጉት ምልልስ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ክረምቱ ሳይገባ ላማክርዎ ብዬ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ላንድ ክሩዘር ደምቢ ዶሎ ድረስ እሄዳለሁ፤ ከዚያም በቤጊ በኩል ቀበሌዎቹ ድረስ እገባለሁ። አንድ ዘመዴ ከዱባይ ሲመጣ ቢድሎክ የሚሉትን የጎማ ጠርዝ መቆለፊያ ላምጣልህ ይለኛል። ጎማው ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። ልግዛው?

ጎሚስታው፦ ስለ ዋጋው ኋላ እናወራለን። ጎማህን ቸርኬው ላይ ይዞ ያቆመው ምን ይመስልሃል?

ወጣቱ፦ ልክክ ብሎ ስለተገጠመ ነዋ።

ጎሚስታው፦ ንፋሱ ነው። የጎማው ጠርዝ ውስጥ የብረት ሽቦ አለ፤ ያን ጠርዝ ገፍቶ ከቸርኬው ከንፈር ጋር የሚያጣብቀው ንፋስ ነው። 35 ፒ.ኤስ.አይ. ላይ እያለ ምንም አይነቀንቀውም። ወደ 20 ስታወርደው ጎማው መሬቱን በሰፊው ይረግጣል፣ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ መስመጡ ይቀንሳል። አፋር አሸዋ ላይ የሚነዱ ሰዎች ንፋስ የሚለቁት ለዚህ ነው። 15ን አልፈህ ወደ 10 ስትወርድ ግን የሚገፋው ኃይል ያልቃል። መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው ወደ ጎን ይሳብና ጠርዙ ይላቀቃል፤ ንፋሱ በአንዴ ይወጣል። ዘመድህ ያለው ዕቃ የተሠራው ለዚያች ሰዓት ነው።

ወጣቱ፦ እንዴት አድርጎ ነው የሚይዘው?

ጎሚስታው፦ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በውጭ በኩል የብረት ቀለበት በብዙ ብሎን የሚታሰርበት ነው። የሚይዘው የውጩን ጠርዝ ብቻ ነው፤ ብሎኖቹንም ቶሎ ቶሎ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ያንተው በጠንካራ ጨርቅ የተለበጠ ጠባብ ከመነዳሪ ማለት ነው። ጎማው ውስጥ፣ ቸርኬው ላይ ይተኛል፤ 50 ገደማ ሲሞላ ሁለቱንም ጠርዞች ወደ ውጭ ገፍቶ ይይዛል። የጎማው ንፋስ ከሱ ጋር አይገናኝም፤ በሌላ ቫልቭ ነው የሚሞላው። ስለዚህ ጎማውን 8 ላይ ብታደርሰው እንኳ ጠርዙ ከቦታው አይነሳም። የአሜሪካ ጦር ሃምቪም በሌላ መንገድ ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ ቸርኬው ሁለት ክፍል ሆኖ በብሎን ይታሰራል፣ ውስጡ የገባው የጎማ ቀለበት ደግሞ ጠርዞቹን ወጥሮ ይይዛል።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ጥሩ ዕቃ ነው።

ጎሚስታው፦ ጥሩ ነው። ላንተ መኪና ግን አይሆንም። ና፣ ጎንበስ በል። ይህ ባለ 16 ቸርኬ ቀለበት አለው፣ ውስጡ ከመነዳሪ ነው። መቆለፊያው የሚተኛበትን ቦታ ከመነዳሪው ይዞታል። ከመነዳሪውን ላውጣው ብትል ደግሞ ንፋሱ በቀለበቱ ዙሪያ ይወጣል፤ ይህ ቸርኬ ያለ ከመነዳሪ ንፋስ እንዲይዝ ተብሎ አልተሠራም።

ወጣቱ፦ ቀለበቱ ራሱ መቆለፊያ አይደለም እንዴ?

ጎሚስታው፦ ብዙ ሹፌር እንደዚያ ይመስለዋል። ቀለበቱ ጎማ ማውጣትና ማስገባት እንዲቀል የተደረገ ነው፤ ጠርዙን ጨብጦ አይዝም። ንፋሱን አብዝተህ ስትቀንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሽከረከራል፣ ከመነዳሪውን ይዞት ይሄዳል፣ የቫልቩ አንገት ይበጠሳል። ከዚህ የባሰ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ጆሮህን ስጠኝ። ንፋስ ያለበትን ቀለበት እንዳትነካ! የቫልቩን መርፌ አውጥተህ ፉጨቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። ቀለበቱ ከዛገ ወይም ከተጣመመ ይጣላል፤ በመዶሻ ተቀጥቅጦ አይመለስም። ስትሞላ ከፊቱ አትቆምም፤ ቀለበት ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለ ቸርኬ የሚሞላው በብረት ሳጥን ውስጥ ይሁን ብለው ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንብ አውጥተዋል። እዚህ ማንኛውም በያጅ ሊሠራው የሚችል ሳጥን ነው። እኔ ጎሚስታ ሁሉ ቢኖረው እወዳለሁ፤ ረዳት ሆነው የሚሠሩት ገና ልጆች ናቸውና።

ወጣቱ፦ ቸርኬውን ወጥ በሆነ ቲዩብለስ ብለውጠውስ?

ጎሚስታው፦ ያኔ ይቻላል። የዳዶውን ቁጥር አይተህ ግዛ፤ የቆዩት ባለ 6 ናቸው፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት 78 እና 79 ባለ 5 ናቸው። መቆለፊያው የሚለካው በቸርኬው እንጂ በጎማው አይደለም፤ ስፋቱም ቁመቱም ልክ መሆን አለበት። ለሁለተኛው ቫልቭ ቸርኬው ይበሳል፤ ቀዳዳው ካልተስተካከለ ንፋስ ያፈሳል። ሁለቱን ቫልቮች በቀለም ለያቸው፤ መንገድ ላይ ንፋስ ልቀንስ ብለህ የመቆለፊያውን እንዳትከፍት።

ወጣቱ፦ ጋሼ ግን ልብዎ አልፈቀደውም።

ጎሚስታው፦ አልፈቀደውም። የወለጋ ጭቃ አሸዋ አይደለም። ቀዩ አፈር ላዩ ያሙለጨልጫል፣ ሥሩ ጠንካራ ነው፤ ጎማው ላዩን ቆርጦ ሥሩን መንከስ አለበት። በጣም ካረገብከው ጥርሱ ጭቃ ይሞላና ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። 25 ብታደርገው ይበቃሃል፤ በዚያ ልክ ደግሞ ጠርዝ የሚያላቅቅ ነገር የለም። ቁልቁለቱን የሚያስወርድህ ሰንሰለት ነው፤ አራቱም እግር ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ጭቃው ውስጥ ሳትገባ ነው የሚታሰረው። ቡና መሃል በሚገባው መንገድ ድንጋይና ጉቶ አለ፤ የረገበ ጎማ ጎኑን ይቀደዳል። ደግሞስ ቤጊ ላይ ምስማር ቢወጋህ? ከመነዳሪ የሚለጥፍ አታጣም። ያን መቆለፊያ ግን የማያውቀው ሰው በብረት ሲፈለቅቅ ጨርቁን ይቀደዋል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ለማን ነው የሚሆነው?

ጎሚስታው፦ ቲዩብለስ ላለው፣ በየጊዜው ከ15 በታች ለሚወርድ፤ አሸዋ ላይ ወይም ድንጋይ ለድንጋይ ለሚሄድ። ያም ቢሆን መፍታትና መግጠም በእጁ የሚችል ይሁን። አንተ በዚያ ብር ደህና የንፋስ መለኪያ፣ ከባትሪ የሚሠራ ኮምፕረሰር፣ ሰንሰለትና ትርፍ ከመነዳሪ ግዛ። ኮምፕረሰሩን አትናቀው፤ ከጭቃው ወጥተህ አስፋልት ስትይዝ እዚያው ቆመህ መሙላት አለብህ። በረገበ ጎማ ወደ ደዴሳ ቆላ ብትፈጥን ጎማው ይግልና ይፈነዳል።

ወጣቱ፦ አሁን ስንት ላርገው?

ጎሚስታው፦ በሩ ላይ የተጻፈውን፤ ዕቃ ስትጭን ለኋላዎቹ ጨምር። ጠዋት፣ ሳይነዳ ለካው። በል እስኪ ስኮርታውንም አውርደው፣ ቀለበቱን ልየው።