ሥዕልም ይነበባል

ፊደል ቆጥረን ጽሑፍ ማንበብ ተምረናል። ታዲያ ሥዕልስ ይነበባል? አዎን፣ ይነበባል። ዛሬ የገበያን ኑሮ ከሥዕል ላይ ማንበብ እንማራለን። ለምሳሌ የምንወስደው መርካቶን ነው።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ነጭና ሐበሻ በአንድ ሠፈር እንዳይኖሩ አዘዘ። የአገሬውንም ሰው ገበያ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረው። መርካቶ የተባለው ያን ጊዜ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው።

እስቲ ወደ ውስጥ እንዝለቅ። ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ያለቀ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው የለቀመውን ብረትና ጣሳ ወደዚሁ ያመጣል። ኩሊው ኩንታል ተሸክሞ በሰው መካከል ይሹለከለካል። ባለ ጉሊቷ ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ ደርድራ ገዢ ትጠብቃለች።

እነዚህን ሠርቶ አዳሪዎች ማን ሣላቸው? የአገራችን ሠዓሊዎች ለብዙ ዘመን የሚሥሉት ቅዱሳንን፣ ነገሥታትንና መኳንንትን ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን አዲስ አበባ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ሥዕል መግዛት ጀመሩ። ያን ጊዜ ሠዓሊዎች እርሻንና ገበያንም ይሥሉ ጀመር።

በሌላውም አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1741 ዊልያም ሆጋርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የለንደንን መንገድ ሣለ። በሥዕሉ ላይ ወተት ሻጭና ቢላዋ ሳይ ይታያሉ፤ ሕፃን ታቅፋ የምትዘፍን ድሃ ሴትም አለች። አንድ ሙዚቀኛ በጩኸታቸው ተማሮ በመስኮት ሆኖ ጆሮውን ይዟል። ሥዕሉ በወረቀት እየታተመ ስለ ተሸጠ ብዙ ሰው አየው። የእነዚያን ሰዎች ስም አናውቅም። ሥራቸውን ግን ይኸው እስከ ዛሬ እናያለን።

በእኛም አገር በወልዲያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የጉሊት ሴቶችን ደጋግመው ሥለዋል። ለሥዕሎቹ የሰጧቸው ስም ትርጉሙ «የሕይወት ምሰሶዎች» ነው። ሴቶቹ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የሚሸጡት እህልና አትክልት በዙሪያቸው አለ። ምሰሶ ከሌለ ቤት እንደማይቆም ሁሉ፣ ያለ እነርሱም የከተማ ምግብ እንደማይገኝ ያስረዳናል።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? የመርካቶ ብዙ የቆርቆሮ ሱቅ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ባለ ሱቅ ውል ይኖረዋል፤ ባለ ጉሊቷ ግን ስሟ የሠፈረበት ወረቀት የላትም። ቦታው ሲለወጥ እዚያ ሠርታ ማደሯን የሚመሰክር ምን አለ? አንዱ ምስክር ሥዕል ነው።

ምስክር ግን ይመረመራል። ሥዕል የሸክሙን ክብደትና የዕለቱን ዋጋ ሁልጊዜ አይነግረንም። ስለዚህ ሥዕል ስታዩ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

1. በሥዕሉ ላይ ያለው ማን ነው? ምን እየሠራ ነው?
2. ሥዕሉን ማን ሣለው? ለማንስ ተሣለ?
3. እዚያ መኖር ሲገባው የቀረው ማን ነው?

በእናንተ ገበያ ማን ቢሣል ትወዳላችሁ? ስሙንና ሥራውን በደብተራችሁ ጻፉ።