ሰንበር ይጠፋል፣ ጽሑፍ ይቀራል

ባል ሚስቱን ሲደበድብ ጩኸት እንሰማለን። «የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ነገ ይታረቃሉ» ብለን በራችንን እንዘጋለን። ሴትን ከአህያ ጋር አዛምዶ ዱላ ይገባታል የሚል አጉል አባባልም አለን። ይህ ትክክል ነውን? አይደለም። ሚስትን መደብደብ ወንጀል ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ስለዚህ ይናገራል። የትዳር ጓደኛውን ወይም አብራው የምትኖረውን የደበደበ ሰው፣ ሌላ ሰው እንደደበደበ ሁሉ ይቀጣል። ቅጣቱም እንደ ጉዳቱ ነው። ዓይን ያጠፋ ወይም እጅ የቆረጠ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊፈረድበት ይችላል። ቀላል ጉዳት ያደረሰ እስከ 1 ዓመት ይታሠራል፤ ወይም መቀጫ ይከፍላል። ጉዳቱን ያደረሰው በዱላ ወይም በሌላ መሣሪያ ከሆነ ግን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ይታሠራል።

ዳኛው ግን ሲመታ አላየም። የሚፈርደው በማስረጃ ነው። ብዙ ጊዜ ምን ይሆናል? ሽማግሌ ይቀመጣል። ሴትዮዋ «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ትባላለች። ሰንበሩ ይጠፋል፤ ቀሚሱ ይታጠባል። በቀላል ጉዳት አቤት የሚባለው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ነው። ጊዜውም ያልፋል። በዓመቱ እንደገና ስትመታ፣ ስለ ፊተኛው ዱላ የምታሳየው የላትም። ዕርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕክምናንና ማስረጃን ማስቀረት የለበትም።

ምን እናድርግ?

1ኛ. አስቀድመን ነፍሳችንንና ልጆቻችንን እናድን። ወደ ዘመድ ወይም ወደ ጎረቤት እንሽሽ። ለማስረጃ ብለን ከሚማታ ሰው ፊት አንቁም።

2ኛ. ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ለፖሊስም እናመልክት። አፍረን «ወድቄ ነው» አንበል። ሐኪሙ የነገርነውን ይጽፋልና።

3ኛ. ደም የነካውን ወይም የተቀደደውን ልብስ አንጠበው። ደሙ ሲደርቅ በወረቀት ጠቅልለን እናስቀምጠው።

4ኛ. እንጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በምን እንደተመታን፣ ማን እንዳየ እንጻፍ። የሆነውን ብቻ እንጂ ምንም አንጨምር። ካጋነንን እውነቱም አይታመንም። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

«ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። በቤታችን ባሌ በሽመል ግራ ክንዴን 2 ጊዜ መታኝ። ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ።»

5ኛ. ጽሑፉንና ልብሱን እቤት አንተው። ተማቺው ካገኘው ዱላው ይብሳል። በምናምናት እኅት ወይም ጎረቤት ዘንድ በአደራ እናኑረው።

ጎረቤቶችስ? ጩኸት ስንሰማ ደርሰን እንገላግል። ያየነውንም በፍርድ ቤት እንመስክር።

ትናንት ፊደል ሳንቆጥር በደላችንን የምናስነግረው በሰው አፍ ነበር። ዛሬ በእጃችን እንጽፋለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ጥያቄዎች

ሀ. የተመታች ሴት በመጀመሪያ ምን ታድርግ?
ለ. ጽሑፉ እቤት የማይቀመጠው ለምንድን ነው?
ሐ. በመንደራችን ጩኸት ሲሰማ ምን እናደርጋለን? ተወያዩበት።