ሬንጅና ጊዜ፦ ፈጣን ጭነትና ዘገምተኛ ጭነት

እንደሚታወቀው ቁስ አካልን ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ብለን እንከፍላለን። ሆኖም የጠጣርንም የፈሳሽንም ጠባይ አንድ ላይ የያዙ አሉ፤ ቪስኮኢላስቲክ ይባላሉ። የአስፋልት ሬንጅ አንዱ ነው። እኔ የጋምቤላ ልጅ ስለሆንኩ ጥያቄዬን ከዚያው ላንሳ፦ ከባድ መኪና አስፋልት ላይ የጎማ ቦይ የሚያወጣው ሲሮጥ ነው ወይስ ሲቆም? ብዙ ሰው «ሲሮጥ ነዋ!» ይላል።

እስቲ ሞላና ሾክ አብዞርበር ተቀጣጥለው እናስብ። የማክስዌል ሞዴል ይኸው ነው። በድንገት ሲመታ ሾክ አብዞርበሩ ለመንቀሳቀስ ጊዜ አያገኝም፤ ሞላው ብቻ ይለጠጥና ወዲያው ይመለሳል። ጭነቱ ሲቆይ ግን ሾክ አብዞርበሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የሄደውም አይመለስም።

ለዚህ ማስረጃው ቶማስ ፓርኔል በ1927 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሙከራ ነው። የሬንጅ ዘመድ የሆነው ፒች በመዶሻ ሲመታ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። በማጥለያ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ይንጠባጠባል፤ ዘጠነኛው ጠብታ የወረደው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን እናስላ። ጎማው መንገዱን የሚነካበት ርዝመት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና አንድን ነጥብ የሚጫነው ለ0.015 ሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ የቆመ መኪና ደግሞ 300 ሰከንድ፣ ማለትም 20,000 እጥፍ! ስለዚህ ቦዩን የሚያወጣው በተለይ የቆመውና የሚያዘግመው ነው።

ሙቀት ነገሩን ያብሰዋል። ሬንጅ ሲሞቅ ዝልግልግነቱ ይቀንሳል፤ ለመፍሰስ የሚበቃው ጊዜም ያጥራል። ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ግን ወደ 500 ሜትር ወርዳ በበጋ ሙቀቷ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በደጋው ብርድ ችግሩ ይገለበጣል፦ የደረቀ ሬንጅ በድንገተኛ ምት ይሰነጠቃል።

ታዲያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሬንጅን 60/70 ወይም 80/100 ብለን የምንመድበው እንዴት ነው? 100 ግራም የተጫነበት መርፌ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ ስንት አሥረኛ ሚሊ ሜትር እንደሚሰምጥ ለክተን ነው። ነገር ግን 25 ዲግሪ የጋምቤላ አስፋልት የቀትር ሙቀት አይደለም፤ 5 ሰከንድም መናኸሪያ የቆመ መኪና ጊዜ አይደለም።

እንግዲህ ለቆላ ጠንከር ያለውን ሬንጅ መምረጥ፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ ደግሞ ኮንክሪትን ማሰብ ይገባል። እኛ የነገ መሐንዲሶችም «ስንት ቶን?» ብለን ከመጠየቅ ባሻገር «ለስንት ሰከንድ፣ በስንት ዲግሪ?» ማለት እንልመድ።