የወረዳን መዝገብ ስለሚጠብቀው ሰርቨር አቅምና ወሰን የተጻፈ ትምህርት

ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሐረና ደን በሚወርደው መንገድ ላይ ሪራ የምትባል መንደር ትገኛለች። የሪራ ሰው ከብት ያረባል፤ ገብስ ይዘራል፤ በዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቈርጣል። አገሩ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ፓርኩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ተጻፈ፥ የእርሻው ድንበር እስከ የት እንደ ሆነ፥ ግጦሹ የማን እንደ ሆነ፥ ደኑ ከየት እንደሚጀምር ተጽፎ መቀመጡ ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ እጅግ ያስፈልጋል።

ቀድሞ የመሬት ነገር በባሕረ መዝገብ ይጻፍ ነበር። መዝገቡ የሞላ እንደ ሆነ ጸሓፊው ሌላ ደብተር ይጨምር ነበር እንጂ ደብተሩ አልቀበልም አይልም ነበር። ዛሬ ግን የገጠር መሬት ይዞታ የሁለተኛው ደረጃ ምስክር ወረቀት ከካርታ ጋር እየተሰጠ፥ በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ የተሠራው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓትም በየወረዳው እየተተከለ ስለ መጣ፥ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ኮምፒውተር ደግሞ ልኩ የደረሰ ዕለት አንዲት መስመር እንኳ አይጨምርም። የአባቱን መሬት በውርስ ለማስጻፍ ከሪራ ተነሥቶ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው «መዝገቡ ሞልቷል፤ ሌላ ቀን ተመለስ» ቢባል፥ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ብንለው ያምነናልን? ስለዚህ አስተዳዳሪዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለይዞታዎች የዚህን መሣሪያ ወሰን ሊያውቁት ይገባል። ይህ የባለሙያ ዕውቀት ነው ብሎ መተው አይቻልም፤ የመግዣውን ገንዘብ የሚፈቅደው ሹሙ ነውና።

ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው፤ ሌሎች ኮምፒውተሮች በሽቦ ተያይዘው መረጃ የሚቀበሉበት፥ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። አሠራሩን ለመረዳት በግምጃ ቤት እንመስለው። ግድግዳውና ጣራው ሃርድዌር የተባለው ዕቃው ራሱ ነው። በጅሮንዱ ስርዓተ ክወና ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተባለው ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ ወደ ግምጃ ቤቱ የሚገባም የሚወጣም የለም። መደርደሪያውና የመደርደሪያው ቍጥር ደግሞ ፋይል ሲስተም ይባላል። እንግዲህ ግምጃ ቤቱ ምንም ሰፊ ቢሆን፥ በጅሮንዱ እስከ መቶ ብቻ መቍጠር የሚችል ከሆነ፥ ከመቶኛው መደርደሪያ ወዲያ ያለው ባዶ ስፍራ እንደሌለ ይቈጠራል። ሰርቨር ላይ የሚደርሰው ችግር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

አስቀድመን ስለ ግድግዳው እንናገር፤ ለባሌ ደጋ ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳልና። ሃርድ ዲስክ የተባለው ዕቃ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሐን አለው። ጽሑፉን የሚያነብበው ራስ ሰሐኑን ሳይነካ በአየር ተደግፎ ይንሳፈፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተትም ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ራሱን የሚሸከመው አየር ስለ ሆነ፥ አየሩ የሳሳ እንደ ሆነ ራሱ ዝቅ ብሎ ሰሐኑን ሊፍቅ ይችላል፤ የተፋቀውም ጽሑፍ አይመለስም። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ሠሪዎች ዲስኩ ከ3,048 ሜትር፥ ማለት ከ10,000 ጫማ ከፍታ በላይ እንዳይሠራበት በመግለጫው ላይ ይጽፋሉ።

አሁን አገራችንን በዚህ ልክ እንመዝን። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች፤ ሁለቱም ከወሰኑ በታች ናቸው። ሪራ ከ3,000 ሜትር ብዙ አትርቅም። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የሳነቴ ሜዳ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብንል በ3,000 ሜትር ላይ 70 ያህል፥ በ4,000 ሜትር ላይ 61 ያህል ብቻ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ ያለ አንዳች ችግር ይሠራ የነበረው ዲስክ ዲንሾ ሲደርስ ዋስትናውን ያጣል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኤስኤስዲ የተባለው ሰሐንና ራስ የሌለው ማከማቻ በአየር ስለማይደገፍ ይህ ችግር የለበትም፤ ለከፍተኛው ቦታ የሚገዛው እርሱ ሊሆን ይገባል። ዲስክ በመኪና ተጭኖ በሳነቴ በኩል ማለፉ ግን አያስፈራም፤ በጠፋ ጊዜ የሚፈቀድለት ከፍታ እስከ 12,000 ሜትር ይደርሳል። በመንገድ የሚጎዳው መንገጫገጩ ነውና በወፍራም ስፖንጅ ተጠቅልሎ ይጫን፤ እንደ ደረሰም ብርዱ እስኪለቀው ጥቂት ሰዓት ሳይበራ ይቈይ።

አገሩ ብርድ ስለ ሆነ ሰርቨሩ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን የመሸከም አቅሙ ያነሰ ስለ ሆነ፥ አሽሬ የተባለው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለብዙዎቹ ሰርቨሮች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛል። በዚህ ሒሳብ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ሰርቨር ጎባ ላይ የሚፈቀድለት 29 ዲግሪ ያህል ነው። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ቢውል፥ ውጭው ውርጭ ሆኖ ሳለ ውስጡ ከዚህ ልክ ያልፋል።

ሁለተኛው ወሰን የበጅሮንዱ ዕውቀት ነው፤ ይህን በአጭሩ እናልፈዋለን። በ32 ቢት የሚቈጥር አሮጌ ስርዓተ ክወና የሚያውቃቸው አድራሻዎች 4,294,967,296 ናቸው፤ ስለዚህ ከ4 ጊጋባይት በላይ ማኅደረ ትውስታ ቢገጠምለት በልማዱ አይጠቀምበትም። የዛሬዎቹ በ64 ቢት ይቈጥራሉ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 እስከ 24 ቴራባይት፥ የ2022ቱ እስከ 48 ቴራባይት ማኅደረ ትውስታ ይቀበላል፤ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8ም ሠሪው ዋስ የሚሆንለት እስከ 24 ቴራባይት ነው። አንድ ቴራባይት አንድ ሺሕ ጊጋባይት ነው። እነዚህ ቍጥሮች ለባንክና ለአየር መንገድ የተበጁ ናቸው፤ አንድ ወረዳ ዘመኑን ሁሉ ቢጽፍ አይደርስባቸውም። ሻጭ እነዚህን እያነበበ ዋጋ ቢያስወድድ አትስሙት። ስለ ማከማቻው ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ኤክስት 4 የተባለው ፋይል ሲስተም በሬድ ሃት 6 የተፈቀደለት 16 ቴራባይት ሲሆን በሬድ ሃት 7 ወደ 50 ከፍ ብሏል፤ ኤክስኤፍኤስ የተባለው ደግሞ ከ100 ወደ 500፥ በሬድ ሃት 8ም ወደ 1,024 ቴራባይት አድጓል። ዕቃው ያው ሆኖ ሳለ በጅሮንዱ ሲለወጥ ወሰኑ ሰፍቷል።

ወረዳዎችን በእውነት የሚያስቸግረው ሦስተኛው ወሰን ነው፤ ይህም በመጀመሪያው ቀን፥ መደርደሪያው ሲሠራ የሚወሰነው ነው። ኤምቢአር የተባለው የዲስክ አከፋፈል በ1975 ዓ.ም. ከአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ጋር የወጣ ነው። በዚያን ጊዜ ዲስኩ 10 ሜጋባይት ብቻ ነበረና የአከፋፈሉ ወሰን የማይደረስበት ይመስል ነበር። አከፋፈሉ ስፍራዎቹን በ32 ቢት ይቈጥራል፤ እያንዳንዱ ስፍራ 512 ባይት ስለ ሆነ፥ ተባዝቶ የሚገኘው 2.2 ቴራባይት ያህል ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት የ4 ቴራባይት ዲስክ ገዝቶ በዚህ አከፋፈል ቢሠራው፥ ዋጋውን ከፍሎ ግማሹን ያህል አይጠቀምበትም። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ አከፋፈል ይህ ወሰን የለበትም፤ ነገር ግን መመረጥ ያለበት ዲስኩ ባዶ ሳለ ነው። ከሞላ በኋላ ለመለወጥ መንገድ ቢኖርም መዝገቡን ሌላ ስፍራ ሳይገለብጡ መሞከር ድፍረት ነው።

2.2 ቴራባይት ለወረዳ ይበዛል የሚል ሰው ቢኖር እንቍጠርለት። ለምሳሌ 30,000 ማሳ ያለበት ወረዳ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ማሳ አራት ገጽ ወረቀት ቢኖር 120,000 ገጽ ይሆናል። አንዱን ገጽ በስካነር ሲያነሡት በጥቁርና ነጭ ቢሆን አንድ ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ጠቅላላው 120 ጊጋባይት ነው። ያንኑ ገጽ በሙሉ ቀለም ሳያምቁ ቢያነሡት ግን 26 ሜጋባይት ይሆናል፤ ጠቅላላው ከ3 ቴራባይት ያልፋል። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በስካነሩ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ የጫነው ቍልፍ ነው። በዚህ ላይ ከአየር የተነሣ ሥዕል ይጨመራል። እያንዳንዱ ነጥብ 25 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ ቀለም ሥዕል ለአንድ ካሬ ኪሎሜትር 48 ሜጋባይት ሲሆን፥ ለ1,000 ካሬ ኪሎሜትር 48 ጊጋባይት ይሆናል። አፍኖ የሚያስቀረን እንግዲህ የአየሩ ሥዕል ሳይሆን በግዴለሽነት የተነሣው ወረቀት ነው።

መደርደሪያውን የሚወስን ሌላም አለ። በዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም በልማዱ 4 ኪሎባይት በሆነ ክፍል ሲሠራ ከ16 ቴራባይት አያልፍም፤ ክፍሉ 64 ኪሎባይት ቢደረግ ግን እስከ 256 ይደርሳል። ኤክስት 4 ደግሞ ስንት ፋይል እንደሚቀበል በተሠራበት ቀን ይወሰናል፤ በልማዱ ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ ፋይል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቃቅን ፋይሎች የበዙ እንደ ሆነ ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሳለ «ቦታ የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ይህን ያላወቀ ሰው በከንቱ ሌላ ዲስክ ሊገዛ ይሮጣል። ኤክስኤፍኤስ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ካደገ በኋላ ማሳነስ አይቻልም።

ለፊደላችን የተለየ ወሰን መኖሩንም እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። በሊኑክስ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። በቁቤ የሚጻፍ የኦሮምኛ ስም 255 ፊደል ሲፈቀድለት በአማርኛ የሚጻፈው 85 ፊደል ብቻ ነው። የባለይዞታውን ስም ከነአያቱ፥ ቀበሌውን፥ የማሳውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በአንድ የፋይል ስም ላይ መጻፍ የለመደ ጸሓፊ ይህን ወሰን በቶሎ ያገኘዋል። በዊንዶውስ የተቀበለው ስም ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲገለበጥ የሚቀርበትም ምክንያት ይህ ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ የሚቈጥረው በባይት ሳይሆን በፊደል ነውና።

የዘመንም ወሰን አለ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 መደበኛው ጥበቃው መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ ሴንትኦኤስ ሊኑክስ 7ም ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በእነዚህ ላይ የተቀመጠ መዝገብ በር ጠባቂው ጡረታ እንደ ወጣ ግምጃ ቤት ነው። ጊዜን በ32 ቢት የሚቈጥሩ አሮጌ ስርዓቶች ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምረው የሚቈጥሩት ሰከንድ የሚያልቅባቸው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፥ በጥምቀት ዕለት፥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ያልታደሰው ሰርቨር ዘመኑን በዐፄ ምኒልክ ጊዜ፥ በ1894 ዓ.ም. አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። ሠላሳ ዓመት የሚጸና የኪራይ ወይም የውርስ ጽሑፍ የሚጠብቅ ቢሮ ይህን ቀን ከአሁን ሊያስብበት ይገባል።

ሹሙ ሰርቨር ሲገዛ ከሻጩ በጽሑፍ ሊቀበል የሚገባው ይህ ነው፤ ዲስኩ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ፥ አከፋፈሉ ጂፒቲ መሆኑን፥ ፋይል ሲስተሙ ማን እንደ ሆነና የክፍሉ ልክ ስንት እንደ ሆነ፥ የስርዓተ ክወናው ጥበቃ በየትኛው ዓመት እንደሚያበቃ። መልሱ በአንድ ወረቀት ተጽፎ፥ ተፈርሞበት፥ በሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ከውስጥ በኩል ይለጠፍ። ከሥሩም ሠራተኛው በየወሩ መጨረሻ የዲስኩን ሙላት በቀንና በቍጥር ይጻፍበት፤ ከመቶ 70 የደረሰ ዕለት ለዞኑ ደብዳቤ ይጻፍ። ግዥው እስኪፈቀድ፥ ዕቃውም ከአዲስ አበባ ተጭኖ ሮቤ እስኪደርስ የቀረው 30 መብቃት አለበት። የመዝገቡ ሁለተኛ ቅጂ በየሳምንቱ ተገልብጦ በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ ሰርቨሩ ጎባ ያለ እንደ ሆነ ቅጂው ሮቤ ይሁን። በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ዲስክ ስላለ ቅጂ አለን የሚል ቢኖር ክፍሉ በእሳት ቢያያዝ ሁለቱም አብረው እንደሚነድዱ ይነገረው። በዓመት አንድ ጊዜም፥ የእርሻ ሥራ በሚቀልበት ወር፥ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ከሪራ አንድ ማሳ፥ ከሲናና አንድ ማሳ ይፈለግበት፤ የተገኘውም ባለይዞታው በእጁ ከያዘው ምስክር ወረቀት ጋር ይመሳከር።