ቃልን ለማን እንማራለን?

አንድ ተማሪ ከመምህሩ ጋራ ወደ ፒያሳ ይሄድ ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ በደረሱ ጊዜ ተማሪው፣ «መምህር ሆይ፤ ‹ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ› ከሚባለው ልብ ወለድ መቶ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት በቃሌ አጠናሁ። ከእንግዲህ የሚበልጠኝ የለም» አለ።

መምህሩም፣ «ሲጅ ማለት ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀው። ተማሪውም «ከበባ» አለ። «የተከበበችው ከተማ ማን ናት?» ቢለው ግን አፍሮ ዝም አለ።

መምህሩም እንዲህ አለው፤ «ልጄ ሆይ፤ ይህን መጽሐፍ ማርጋሬት ሚቼል የምትባል አሜሪካዊት ጽፋ በ1936 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚህ ድልድይ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ማዕከላዊ የሚባል እስር ቤት ነበረ፤ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። በደርግ ዘመን ነቢይ መኮንን በእስር ሳለ ይኸው መጽሐፍ እጁ ገባ። ለራሱ አንብቦ ሊተወው ይችል ነበር። እርሱ ግን ጓደኞቹም ይሰሙት ዘንድ ወደ አማርኛ መለሰው። ደብተር ስላልነበረው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ቁራጮቹም 3,000 ያህል ሆኑ። የተፈቱ እስረኞች ደብቀው አወጡለት፤ እርሱም ከተፈታ በኋላ ሰበሰባቸው። መጽሐፉም ‹ነገም ሌላ ቀን ነው› ተብሎ ታተመ።

«የመጽሐፉን የእንግሊዝኛ ስም ተመልከት። ‹ጎን› የሄደ፣ ‹ዊንድ› ነፋስ ማለት እንደ ሆነ ትንሽ ልጅ ያውቃል። ቃላቱ ሲገጣጠሙ ግን ነፋስ ጠርጎት የማይመለስ ነገር ማለት ይሆናሉ። ይህንም የሚያስረዳህ የቃላት ዝርዝር አይደለም፤ ታሪኩ ነው።»

ተማሪውም «እንግዲህ ምን ላድርግ?» አለ።

መምህሩም፣ «ከባድ ቃል ባገኘህ ጊዜ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አንብበህ ፍቺውን ገምት። ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት ግለጥ። በመጨረሻም እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው በአማርኛ ንገረው። እርሱ ካልገባው አንተም ገና አላወቅኸውም» አለው።

ተማሪው ያን ዝርዝር ትቶ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ከብዙ ቀን በኋላም አትላንታ የምትባል ከተማ በጦር እንደ ተከበበች ለእናቱ ተረከላት። እናቱም ሥራዋን ትታ፣ «ሕዝቡሳ ምን ሆነ?» አለችው። ያን ጊዜ የቃሉን ፍቺ በእውነት እንዳወቀ ተረዳ።

ልጆች ሆይ፤ ለመመካት የተጠና ቃል ቶሎ ይረሳል፤ ለሌላ የተካፈለ ቃል ግን ይኖራል።